«ተበላሸ» ማለትን ያስተማረችው ሴት

ሁስኒያ ዘይኑልአቢዲን ወደ ፈተላ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ትቆምና የሻሿን ጫፍ በሌባ ጣቷ ሳብ ታደርገዋለች። ካልተፈታ ትገባለች፤ ከተፈታ እንደገና ታስረዋለች። ከዚያ ዞር ብላ ከኋላዋ የቆመችውን ሴት ሻሽ ትስባለች፤ ቀጥላም የሚቀጥለዋን። አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ትቆጣለች፣ አንዳንዷ ደግሞ ከሩቁ ራሷን ዘንበል አድርጋ ታቀርብላታለች። የፈትል ማሽን የተንጠለጠለ ነገር አይወድም። ሁስኒያ በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ ይህን ሳታደርግ የገባችበት ቀን እንደሌለ አብረዋት የነበሩት ይናገራሉ።

ፋብሪካው ኮምቦልቻ ነበር፤ ቤቷ ደሴ። የጠዋቱ ሰርቪስ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ሲነሳ ተሳፋሪው ሁሉ ሹራብ ደርቦ፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ይቀመጣል። የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዙ ሲወርዱ ጉሙ ከላይ ይቀራል። ታች የቦርከና ሜዳ ሲታይ ሹራቡ ሁሉ ወልቆ ጉልበት ላይ ተቀምጧል። ሁስኒያ ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ትቀመጥና እስኪደርሱ ድረስ በመቁጠሪያዋ ተስቢህ ትቆጥራለች። አጠገቧ አዲስ ሰው ከተቀመጠ ግን ተስቢሁን ወደ ቦርሳዋ ትመልስና ወሬ ትጀምራለች።

የነጋዴ ልጅ ናት። አያቷ ከየመን በአሰብ በኩል ጨርቅ ይዘው መጥተው ደሴ የቀሩ ሰው ነበሩ። አባቷ አራዳ ላይ አቡጀዲና ሻሽ ይሸጡ ነበር። ሁስኒያ በልጅነቷ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣ ስታይ፣ አባቷ ለገበያተኛ ጨርቅ ከማሳየታቸው በፊት ሰውየውን ያስቀምጡታል። ከየት እንደመጣ፣ አገሩ ዝናብ ጥሎ እንደሆን፣ በቅሎውን የት እንዳሰረ ይጠይቁታል። «ቆሞ የገዛ ሰው ተመልሶ አይመጣም» ይሉ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የጅምላ ንግዱ ወደ መንግሥት ሲዞር ሱቁ እየሳሳ ሄደ፤ እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በአሰብ መንገድ መኪናው ተገልብጦበት ሞተ። ፋብሪካው ተከፍቶ ሰው ሲቀጥር ሁስኒያ አርባ ሊሞላት ምንም አልቀራትም ነበር። ከተቀጠሩት ሴቶች በዕድሜ ትልቋ ስለነበረች ወጣቶቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው «እትዬ» አሏት።

በዚያን ጊዜ ፋብሪካው አዲስ ሠራተኛ የሚቀበለው በንግግር ነበር። አዲሶቹ መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ይሰበሰባሉ። አንድ ካድሬ ስለ ምርት፣ ስለ ወዝአደሩ ታሪካዊ ኃላፊነት፣ ስለ አሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ ይነግራቸዋል፤ ያጨበጭባሉ። ከመጋዘን ሰማያዊ ጋዋን ይሰጣቸዋል፤ ለረጅሟ አጭር፣ ለአጭሯ ረጅም። ከዚያ ፎርማኑ ወደ ፈተላ ክፍሉ ይዟቸው ይገባል። እዚያ የማሽኑ ድምፅ ጆሮ ይደፍናል፤ አየሩ በጥጥ ብናኝ የተሞላ ነው። ፎርማኑ አፉን ያንቀሳቅሳል፣ እጁን ወደ ማሽኑ ይዘረጋል፣ አዲሶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ትምህርቱ በዚህ አለቀ ማለት ነው። ጥቂቶቹ ይለምዱታል። ብዙዎቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ጋዋኑን አጣጥፈው በር ላይ ትተው ይሄዳሉ።

ነባሮቹ አዲሶቹን «ሙሽሮች» ይሏቸዋል። ሙሽራ የምትፈተንበት ቀልድም ነበራቸው። «ሂጂና ከመጋዘን የማሽኑን ቁርስ ተቀብለሽ ነይ» ብለው ይልኳታል። የመጋዘን ሠራተኛው ሙሄዲን ቀልዱን ያውቃል። ፊቱን ኮስተር አድርጎ የስንት ማሽን ቁርስ እንደሆነ ይጠይቃታል፤ ጓዳ ገባ ብሎ ይወጣና «ገና አልበሰለም፣ በኋላ ተመለሺ» ይላታል። ልጅቷ ይህንኑ መልስ ይዛ ስትመጣ ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሁስኒያም ትስቅ ነበር። አንዴ የተሳቀባት ልጅ ዳግም ምንም ነገር እንደማትጠይቅ ልብ ያለችው ኋላ ነው።

መዲና የመጣችው በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። የቢስቲማ አካባቢ ገበሬ ልጅ ናት። በድርቁ ጊዜ ቤተሰቧ ለሰፈራ ወደ ወለጋ ሲጫን እሷ ታማ መጠለያ ውስጥ ተኝታ ነበር። ድና ስትነሳ ከቤቱ ሰው አንድም አልነበረም። ኮምቦልቻ ወርዳ ሰው ቤት ተቀጠረች፤ የቤቱ እመቤት ደግ ሴት ስለነበረች ፋብሪካው ሰው ሲፈልግ አስመዘገበቻት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። የሙከራ ጊዜዋን በደህና ከጨረሰች ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ካልጨረሰች የምትመለስበት ቤት የለም፤ የቀድሞ እመቤቷም በእሷ ቦታ ሌላ ልጅ ቀጥራለች። ሁስኒያ ይህን ያወቀችው ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ጠይቃ ጠይቃ ነው። ልጅቷ ራሷ የምታወራ አልነበረችም።

የመዲና ማሽን ከሁስኒያ ማሽን ቀጥሎ ነበር። ጣቶቿ ፈጣኖች ናቸው፤ እንዝርት ስታሾር ያደገች ልጅ የተበጠሰ ክር መቀጠል አይቸግራትም። የሚቸግራት ሰው ሲያናግራት ነው። ዓይኗን መሬት ላይ ትተክልና ያሏትን ሁሉ «እሺ» ትላለች።

የሺፍቱ ፎርማን ብሩ ይባላል። ከአቃቂ ተዛውሮ የመጣ፣ ለወሎ አዲስ የሆነ ሰው ነበር። ሥራውን ያውቃል፤ ክፉም አይደለም። ችኩል ነበር። ኮምቦልቻ ሲደርስ ቁልፍና የሠራተኞች ስም ተሰጥቶት በነጋታው ሥራ ጀመረ። ሠራተኛው አዲስ ሲሆን ቢያንስ ንግግር ይደረግለታል፤ ለብሩ እሱም አልተደረገለትም።

ስህተቱ የተፈጠረው እንዲህ ነው። ፋብሪካው ወፍራምና ቀጭን ክር ይፈትል ነበር። ወደ ማሽኑ የሚገባው ጥጥ የተጠቀለለበት ቦቢን በቀለም ይለያል፤ አረንጓዴው ለወፍራም፣ ቢጫው ለቀጭን። የመዲና ማሽን የቀጭን ነው። አንድ ቀን ጋሪ ገፊው ተሳስቶ አረንጓዴ የሞላበትን ሳጥን እሷ ጋ አራገፈ። መዲና ቀለሙ የትናንቱ እንዳልሆነ አይታለች። አንዱን ቦቢን በእጇ ይዛ ቆማ ሳለ ብሩ በዚያ አለፈ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ከጠዋት ጀምሮ ሲሯሯጥ የዋለ ሰው ነው። ቆም አለና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«ችግር አለ?»

መዲና ቀና ብላ ፊቱን አየችው።

«አብሽሩ» አለችው።

አብሽር የወሎ ሰው ከአፉ የማይለየው ቃል ነው። ለታመመ ይባላል፤ መኪና ላመለጠው፣ ከብት ለሞተበት፣ ወተት ለደፋች ልጅም ይባላል። አይዞህ ማለት ነው። እሺ ማለትም ነው። አታስብ፣ ያልፋል ማለትም ነው። የቱ እንደሆነ የሚታወቀው በተናጋሪው ድምፅና በሰሚው ሁኔታ ነው፤ በፈተላ ክፍል ውስጥ ደግሞ የሰው ድምፅ አይለይም። ብሩ ቃሉን ገበያ ላይ ሲሰማ ከርሞ «ችግር የለም» ማለት ነው ብሎ ይዞታል። ራሱን ነቀነቀና አለፈ። መዲና ደግሞ ቦቢኑን በእጇ እንደያዘች አይቶ ዝም ብሎ ካለፈ ልክ ነው ማለት ነው ብላ አሰበች። አረንጓዴውን ከቢጫው ጎን ሰቀለችው።

ክሩ ተፈትሎ፣ ወደ ሽመና ክፍል ተሻግሮ፣ ጨርቅ ሆኖ ሲወጣ ሸንተረር ሸንተረር አበጀ። ጣቃው ተቆልሎ እንዳለ እንግዶቹ ደረሱ። አንደኛው ጫፉን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው፤ መልሶም አጠፈው። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ዕለት ጥፋተኛው ይገለጽልኝ አለ። ከጣቃው ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ ማሽኑ ሲመለሱ መዲና ጋ ደረሱ።

ብሩ ተጠየቀ። ጠይቄያት ችግር የለም ብላኛለች አለ፤ ለእሱ እውነቱ ይህ ነበር። እዚህ ላይ ቢቆም ነገሩ የስንፍና ነገር ሆኖ ይቀር ነበር። ግን እሱም ፈርቷል። ቀለም እየለየች፣ እየተጠየቀች፣ ሆን ብላ ደበቀችኝ አለ። የልጅቷን ወገን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ማን ናት፣ ከየት መጣች፣ ማን ላካት አለ። በሰሜን በኩል ጦርነት ነበር፤ የልጅቷ አገር ወረባቦ ደግሞ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከቢሮው የወጣ ሰው «አሻጥር» የሚለው ቃል ሲነሳ ሰምቻለሁ ብሎ አወራ። ያ ቃል ስብሰባ ላይ በይፋ ከተነገረ ጉዳዩ ከፋብሪካው አጥር ይወጣል፤ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ስብሰባው ለማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተቀጠረ።

ሁስኒያ በዚያ ቀን ከሥራ ሲወጡ መዲናን ልብስ መቀየሪያው ጀርባ ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻት። ቦቢኑ ልክ እንዳልሆነ አውቀሽ ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። አውቄያለሁ አለች ልጅቷ። ታዲያ ለምን አልነገርሽውም ስትላት የጋዋኗን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች።

«ተናገሪ እንጂ መዲና። እኔ ካድሬ አይደለሁም።»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ ተጨንቀው ነበር። እርስዎ ፊታቸውን አላዩትም። እሳቸው በተጨነቁበት ሰዓት ሌላ ጭንቀት ልጨምርባቸው?»

«ችግር አለ ወይ አይደል ያለሽ?»

«አዎ። እኔም አይዞዎት አልኳቸው።»

ሁስኒያ ለመሳቅም ለማልቀስም እንዳልቻለች ነግራኛለች። እሷም ልጅ ሆና ብትጠየቅ የምትመልሰው ይህንኑ ነበር። በአገሩ ደንብ ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም፤ ለትልቅ ሰውማ ከቶ አይነገርም። ሞት እንኳ ሲረዳ መጀመሪያ ትንሽ ታሟል ተብሎ ነው። ልጅቷ ያደረገችው በጥሩ ቤት ያደገች ልጅ የምታደርገውን ነው።

ስብሰባው መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ተደረገ። የመራው የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጀላል ነው፤ የደሴ ሸዋ በር ልጅ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሆደ ቡቡ ሰው። ሥራ አስኪያጁ ጥግ ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። መዲና ከፊት ለፊት ብቻዋን ቆማለች።

ብሩ ተነሳና የሆነውን ዘረዘረ። ሠራተኛው ሁሉ «አሻጥር» የሚለውን ቃል ሲጠብቅ እሱ «ከባድ ስህተት» አለና ተቀመጠ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጀላል ወደ መዲና ዞሮ ምን ብላ እንደመለሰችለት ጠየቃት።

«አብሽሩ ነው ያልኳቸው።»

«ምን ማለትሽ ነበር?»

«ፊታቸው ከፍቶት ነበር» አለች መዲና፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ሁስኒያ ተነስታ ልጅቷ አልዋሸችም፣ ሰውየውን አጽናናችው እንጂ አለች። ከኋላ አንዷ «አሁን እሷን ማን ያጽናናት» ብላ ጣልቃ ገባች። ብሩ ተናደደ። እኔ የጠየቅኩት አጭር ጥያቄ ነው፤ መልሱ አለ ወይም የለም ነው፤ ሰው ይህን ያህል እንዴት ይቸግረዋል አለ። ድምፁ ከፍ እያለ ሲሄድ ጀላል ሊያበርደው እጁን አነሳ።

«አብሽር ጓድ ብሩ፣ አብሽር።»

ብሩ ዞር ብሎ አየው።

«ይኸው። አሁን ይሄ አለ ነው፣ የለም ነው?»

ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዷ ፈነዳች፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጀላል አፉን በመዳፉ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ደፋ አለ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ መሐረብ አውጥቶ ፊቱን ጠረገ። በመጨረሻ ብሩም ሳቀ፤ ሲስቅ ወጣት መሆኑ ታየ። ያልሳቀችው መዲና ብቻ ናት። ሁሉም በእሷ የሚስቁ መስሏት ነበር።

ከሳቁ በኋላ ስብሰባው እንደ ፊቱ ሊጠነክር አልቻለም። መዲና በከባድ ማስጠንቀቂያ እንድትቆይ፣ የሙከራ ጊዜዋ እንዲራዘም፣ ሁስኒያ በኃላፊነት እንድታሠለጥናት ተወሰነ። ልጅቷ ሌላ ጥፋት ካጠፋች ሁለቱም ይጠየቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ሊወጣ ሲል ሁስኒያን አስቁሞ፣ ለእሷ የምታሳዪያትን ለሌሎቹም አሳዪያቸው አላት። እንደ ትእዛዝም እንደ ቀልድም አድርጎ ነው ያለው። እሷ እንደ ትእዛዝ ወሰደችው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ የሚገቡ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ማሽን አይነኩም ነበር። ሁስኒያ ከመጋዘኑ ጎን ካለች ጠባብ ክፍል፣ ድምፁ ከማይገባበት፣ አግዳሚ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ከየት እንደመጡ፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ትጠይቃቸዋለች። ከዚያ የሚያስፈልጋቸውን ትነግራቸዋለች፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ የቀትሩ ሰላት ዙሁር የት እንደሚሰገድ፣ ለስግደቱ መታጠቢያ ውዱእ የሚደረግበት ቧንቧ የቱ እንደሆነ፣ ክርስቲያኖቹ በጾም ቀን የት እንደሚበሉ፣ ከማን ጋር ቀልድ እንደማያዋጣ። «የማሽኑ ቁርስ» የሚባለውንም አስቀድማ ትነግራቸው ነበር። አንዷ ከደጋን ከተማ የመጣች ልጅ ተልካ ሄዳ ሙሄዲን «ለስንት ማሽን» ቢላት፣ ማሽኑ ጾመኛ ነው፣ ለማፍጠሪያው ነው የመጣሁት ብላ መለሰችለት። ሙሄዲን ከዚያ በኋላ ቀልዱን ተወው።

ትልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነበር። ሁስኒያ አንድ አረንጓዴ ቦቢን ታነሳና ከቢጫዎቹ መሐል ትሰካዋለች።

«በይ፣ ቦቢኑ ተቀላቀለ። ፎርማኑ መጣ። ምን ትይዋለሽ?»

«እንዴት ዋሉ እላቸዋለሁ።»

«እሺ፣ ደህና ዋለ። ከዚያስ?»

«ከዚያ... ትንሽ...»

«ትንሽ ምን?»

«ትንሽ እንደ መሆን ብሏል እላቸዋለሁ።»

«እንደ ምን መሆን ነው ያለው? እሱ እኮ ወደዚያ እየሄደ ነው። ጀርባውን ሰጠሽ።»

«ተበላሸ» የሚለውን ቃል እስኪያወጡት ብዙ ይለፋሉ። አንዷ በሹክሹክታ ትለዋለች፤ ሌላዋ «አላህ ያስተካክለዋል» ብላ ትጨምርበታለች። በሺር የሚባል ግዙፍ የጥበቃ ልጅ ወደ ፈተላ ክፍል ተዛውሮ ሲመጣ ለግድግዳው ጮኾ ይለው ነበር፤ ሰው ፊት ሲቆም ግን ያልበዋል። ሁስኒያ ብሩን ጠርታ ፊት ለፊቱ እንዲቆምለት ጠየቀችው። ብሩ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ ቆመለት። በሺር ትንፋሹን ሰብስቦ «ተበላሸ ጌታዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ይቅርታው ይቅር ተባለ፤ እንደገና አለው። አብሽርን ከመስጊድ ደጅ ጫማ እንደሚተው በሩ ላይ ትታችሁ ግቡ ትላቸው ነበር፤ ስትወጡ ታገኙታላችሁ።

ብሩም አንድ ነገር ለወጠ። «ችግር አለ?» ማለቱን ተወና «እስቲ አሳዪኝ» ማለት ጀመረ። ይህን ሁስኒያ አላስተማረችውም፤ ራሱ የደረሰበት ነው። እጅ የያዘውን ለማሳየት አገር አይለይም ይል ነበር።

ቢሮው ነገሩን በወረቀት «የትውውቅ ጊዜ» ብሎ ሰየመው። ጋዋን አጣጥፈው የሚሄዱት እያነሱ መጡ። ካድሬው ንግግሩን አልተወም፤ ንግግሩ አልቆ ሲጨበጨብ ሁስኒያ በር ላይ ቆማ አዲሶቹን ትጠብቃለች። ለዚህ ሥራ የተለየ ማዕረግ አልተሰጣትም፤ ማሽኗም ቆሞ አልጠበቃትም። አስተምራ ስትመለስ ሲሠራበት የቆየው ሰው ያወሳሰበውን ክር እየፈታች ትጀምራለች።

መዲና የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ቋሚ ሆነች። ደብዳቤው የተሰጣት ቀን ጠጅሳር ቢጤ ነገር ከየት እንዳመጣች አይታወቅም፣ የሁስኒያን ማሽን እግር ስር ጎዝጉዛ ተገኘች፤ ብሩ ይህ ደግሞ ምንድን ነው ብሎ ጠርጎ አስወጣው። በዚያው ወር ዕቃዋን በአንድ ማዳበሪያ አድርጋ ደሴ ወጣችና ሁስኒያ ቤት ገባች። ጠዋት ጠዋት ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሐረጎን ይወርዱ ነበር። ከዚያ ቤት ነው የተዳረችው።

ይህ ታሪክ በፋብሪካው ሲወራ አንድ ቃል ልጅቷን አስጠየቃት፣ ያው ቃል አዳናት እየተባለ ነው። እኔም እንዲሁ ልጽፈው ነበር። ሁስኒያ ስታወራኝ ቆይታ እዚህ ስትደርስ ግን፣ ብሩ ስብሰባው ላይ «አሻጥር» የሚለውን ቃል ለምን እንዳላነሳው ጠየቅኳት። ሳቁ የመጣው ኋላ ነው፤ እሱ ቃሉን ያስቀረው ገና ሳይሳቅ ነው። ነገረችኝ።

በስብሰባው ቀን ጠዋት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ሁስኒያ ብሩ ወደተከራየበት ቤት ሄዳ ነበር። ግቢው ውስጥ ቆሞ ፊቱን ሲታጠብ አገኘችው። ወደ ውስጥ ይግቡ ቢላትም አልገባችም። ልጅቷን ማንም አልላካትም አለችው። ብሩ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ፣ እርስዎ በምን ያውቃሉ፣ ማን ናት፣ የማን ልጅ ናት ብሎ ጠየቃት። በዚያች ከተማ የመዲናን አባት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እውነቱን ብትናገር የብሩን ጥርጣሬ ማጠንከር ነበር።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለችው። «ወላሂ።»

ብሩ ወሎ ከመጣ ወዲህ ሙስሊሞቹ ከልብ ሲምሉ እንደማይዋሹ ተረድቷል። ካሉ በቃ አላት። ሪፖርቱን አስተካክዬ አቀርባለሁ አለ፤ እንዳለውም አደረገ።

ሁስኒያ እህት ኖሯት አያውቅም። በሐሰት ስለማለች የሰፈሯን ሸህ ሄዳ ጠየቀች፤ የመሐላ ከፋራ፣ የሐሰት መሐላሽን ማካካሻ፣ ጹሚ አሏት፣ ጾመች። ማዳበሪያዋን ይዛ የመጣችውን ልጅ ቤቷ ያስገባችው ጾሙን እንደ ፈታች ነው።

ይህን ነግራኝ ስትጨርስ እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ በዓይኗ ተከተለችው።

«ሌላውን እንዳሻሽ ጻፊው ልጄ» አለችኝ። «ይህን ግን ተይው። ሰው ወላሂ ሲባል ማመኑን እንዳይተው።»